«ሲስተር፣ ያ ደሜ ምን አለ?»

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣

በአንዲት የወረዳ ከተማ ጤና ጣቢያ የምሠራ የ34 ዓመት ነርስ ነኝ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ስለሠራሁ አብዛኞቹ የአካባቢው ሴቶች በስሜ ያውቁኛል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ በእረፍት ቀኖቼ ለጥናት መረጃ እየሰበሰብኩ ተጨማሪ ገቢ አገኛለሁ። የሁለት ልጆች እናት ስለሆንኩ አበሉ ለቤቴ ቀላል ነገር አይደለም።

አምና በነፍሰ ጡር እናቶች ደም ውስጥ ያለውን የፎሊክ አሲድ መጠን በሚመለከት ጥናት ላይ ተሳትፌ ነበር። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስለ ምርምር ሥነ ምግባር ለሁለት ቀን ትሠለጥናላችሁ ተብለን ሳለ አሠልጣኙ ስላይዶቹን በአንድ ጠዋት አሳልፎ ጨረሰ፤ ሰርተፍኬቱም ከምሳ በፊት ታደለን። በኢንተርኔት መውሰድ የነበረብኝን ኮርስ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያለፍኩት ጓደኛዬ የፈተናውን መልስ በቴሌግራም ልካልኝ ነው።

በሥራው መካከል የመጀመሪያ ልጇን ያዋለድኳት አንዲት እናት ለእርግዝና ክትትል መጣች። የስምምነት ቅጹን በጥድፊያ አነበብኩላት፤ አሻራዋን አደረገች፤ ደሟም ተቀዳ። ከወራት በኋላ ሕፃኗን ለማስከተብ ስትመጣ «ሲስተር፣ ያ ደሜ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደሙ የተላከው ለጥናት ብቻ እንደሆነና ውጤቱ ለእያንዳንዱ ሰው እንደማይነገር ስገልጽላት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እኔ እኮ እሺ ያልኩት አንቺ ስላልሽኝ ነው፤ ልጄን ያወጣሽልኝን ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ምነው ተቆጥታኝ በነበረ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

አሁን ተመሳሳይ ጥናት ሊጀመር ነው። አስተባባሪው ሰርተፍኬት ስላለኝ አሥራ ሁለት አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎችን እንዳሠለጥን መርጦኛል። በፕሮፖዛሉ የተጻፈው የሁለት ቀን ሥልጠና ነው፤ እሱ ግን «በግማሽ ቀን ጨርሺውና የሁለት ቀን አስፈርሚ፤ አበሉም ለሁላችሁም የሁለት ቀን ይከፈላል» አለኝ። እምቢ ብል ባልደረቦቼ በእኔ ምክንያት አበላቸውን ያጣሉ፤ ከእንግዲህም ለጥናት የሚጠራኝ አይኖርም። እሺ ብል ደግሞ የዚያች እናት ፊት ይመጣብኛል። በዚያ ላይ እኔ ራሴ በወጉ ያልሠለጠንኩ ሰው ሌላውን ማሠልጠን ይገባኛል ወይ? ምን ላድርግ?

የተጨነቀችው ነርስ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሳልመልስ የቆየሁት የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን ያቺ እናት የተናገረችው ቃል አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። በአንድ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት አባል ሆኜ ብዙ ፕሮፖዛሎችንና የስምምነት ቅጾችን አንብቤአለሁ። «ተሳትፎዎ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሌለበት ቅጽ አንድም አላስታውስም። «ልጄን ያወጣሽልኝን ሰው እንዴት እምቢ እላለሁ?» የሚለው ግን በየጤና ጣቢያውና በየቤቱ በሰው ልብ ውስጥ እየተባለ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን ሳይደርስ የቀረ ቃል ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የከነከነዎት ደሙ መወሰዱ ነው ወይስ ያስፈቀዷት እርስዎ መሆንዎ? ከአጻጻፍዎ እንደተረዳሁት ሁለተኛው ነው። ተቆጥታ ብትሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቀው ትንሽ ይቀልልዎት ነበር። እሷ ግን ውለታ እየመለሰች መስሏት ነበርና የሚቆጣ ሰው ሳይሆን ያዘነ ሰው ፊት ነው ያዩት። ይህን ስሜት እንዲያባርሩት አልመክርዎትም። ራስዎን እንደ አታላይ እንዲቆጥሩም አልፈልግም። ቅጹን በጥድፊያ ማንበብዎ ጥፋት ነው፤ ይሁን እንጂ ቀስ ብሎ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ሊያሳይዎት የሚገባው ሰው በዚያ ጠዋት ስላይድ ሲያገላብጥ ነበር።

በአገራችን «እሺ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ ከፈቃድ ይልቅ የአክብሮት ቃል ነው። ጋዋን ለለበሰ፣ ከቀበሌ ሰው ጋር ለመጣ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ደጃፍ ላይ ለቆመ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በምጥ ሰዓት እጅ ለያዘ ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ይሉኝታ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖረ ትልቅ ሀብታችን እንደሆነ አምናለሁ፤ ምርምር ላይ ሲመጣ ግን የሰውን እውነተኛ ሐሳብ የሚጋርድ መጋረጃ ይሆናል። አንዷ እናት እሺ የምትለው ከእርዳታ ስንዴ መዝገብ እንዳትሰረዝ ፈርታ ነው፤ ሌላዋ ምርመራ ከሆነ መድኃኒት ይከተላል ብላ ተስፋ አድርጋ ነው፤ የእርስዎዋ እናት ደግሞ ውለታ ይዟት ነው። በቅጹ ላይ ሦስቱም አሻራዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ስለ ምርምር ሥነ ምግባር የሚሰጥ ሥልጠና ስለ ብዙ ነገር ሊያወራ ይችላል፤ ዋናው ሥራው ግን፣ በእኔ እምነት፣ አንድን ሰው ሳይቀየም እና ሳይፈራ እምቢ ማለት የሚችልበትን ቦታ እንዴት እንደምናዘጋጅለት ማስተማር ነው።

የአንዲት ነርስ ታሪክ እዚህ ላይ ላንሳልዎት። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ መኮን ካውንቲ በሚባል የገጠር አካባቢ፣ የመንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 እና ያልያዛቸውን 201 ጥቁር ወንዶች መከታተል ጀመረ። ዓላማው በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር፤ ለሰዎቹ የተነገራቸው ግን «ለመጥፎ ደም» እንደሚታከሙ ነው። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ለመቅዳት ሲፈለግም ለልዩ ነፃ ሕክምና ኑ ተብለው በደብዳቤ ተጠሩ። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ የበሽታው ዋና መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ጥናቱ የቆመው ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ በ1972 ሲሆን ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሐኪሞቹ እየተለዋወጡ ሲመጡና ሲሄዱ ከቦታዋ ያልተነቃነቀችው ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ ነበረች። ሰዎቹን በመኪና ታመላልሳቸዋለች፤ ቤታቸው ሄዳ ትጠይቃቸዋለች፤ ሲሞቱም አስከሬናቸው እንዲመረመር ቤተሰቡን የምታግባባው እሷ ነበረች፤ ለፈቀደ ቤተሰብ ለቀብር የሚሆን 50 ዶላር ይሰጥ ነበር። ሰዎቹ ጥናቱን አያውቁትም፤ የሚያውቁት እሷን ነው። የእርስዎ ነገር ከዚህ ጋር በክብደት እንደማይመጣጠን ግልጽ ነው፤ ጥቂት ደም መቅዳትና የታወቀ መድኃኒት መከልከል አንድ አይደሉም። ሆኖም በሁለቱም ቦታ ሰዎቹን ወደ ጥናቱ ያስገባቸው ለነርሷ ያላቸው እምነት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ሌላም ነገር አለ። የሰው ፈቃድ ፈጽሞ አስፈላጊ ነው ብሎ የሚጀምረው የኑረምበርግ ሕግ የወጣው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የሚናገረውን የሄልሲንኪ መግለጫን ያጸደቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ሲጻፉ የመኮን ሰዎች በጥናቱ ውስጥ ነበሩ፤ ከሁለተኛው በኋላም ለስምንት ዓመታት ቆይተዋል። ሕጉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ሕጉ ቂጥኝ የያዘውን ገበሬ ከምታነጋግረው ሰው ዘንድ አልደረሰም። እኛም ብንሆን ወረቀት አላጣንም። አምስተኛው እትም በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ አለን፤ ለተሳታፊ የሚሰጠው ማብራሪያ በሚገባው ቋንቋ እንዲሆንም ይጠይቃል። መመሪያው ከዚያች እናት ፊት የሚቆምበት ብቸኛ መንገድ ግን እርስዎና እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ናችሁ። ለዚህ ነው የሁለት ቀኑ ሥልጠና እንደ ፎርማሊቲ ሲቆጠር የሚያመኝ።

አሁን ወደ አስተባባሪው ልምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ስላየሁ መጀመሪያ ልለያቸው። ባልደረቦቼ በእኔ ምክንያት አበላቸውን ያጣሉ ብለዋል። እስቲ መልሰው ያስቡት፦ የሁለት ቀኑ አበል በፕሮፖዛሉ የተያዘ ነው፤ ሥልጠናው ሁለት ቀን ከተሰጠ አበሉ በሐቅ ይከፈላል፤ ማንም ምንም አያጣም። የሚወገደው ነገር ያልዋሉበትን ቀን መፈረም ብቻ ነው። ስለዚህ ለአስተባባሪው የሚያቀርቡት ነገር እምቢታ መሆን የለበትም። ሥልጠናው እንደተጻፈው ሁለት ቀን ይሁን የሚል ጥያቄ ነው፤ ባልደረቦችዎም ይህን ሲሰሙ ከእርስዎ ጋር እንጂ በእርስዎ ላይ የሚቆሙበት ምክንያት አይታየኝም።

ለብቻው ያነጋግሩት፤ በሰው ፊት አይሁን። ምን እንዳጣደፈው ይጠይቁት። ምናልባት ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ መጨረስ ፈልጎ ይሆናል፤ ምናልባትም የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «አምና በነበረው ጥናት አንዲት እናት ምን እንደፈረመች ሳታውቅ ደሟን ወስደናል። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም ሁለቱም ቀን ያስፈልጉኛል። ሁለተኛውን ቀን እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ልምምድ አደርገዋለሁ፤ የአዳራሽ ወጪ አይኖርም።» አብዛኛው ሰው ነገሩ ሳይከሰስበት ሲቀርብለት ይለዝባል።

ባይለዝብስ? የሥልጠናው ኃላፊነት በመጨረሻ የዋና ተመራማሪው ነው፤ አስተባባሪው የሚለውን ዋና ተመራማሪው ላያውቅ ይችላል። አጭር መልእክት ይጻፉለት፤ ማንንም ሳይከሱ ሥልጠናው በፕሮፖዛሉ እንዳለው ሁለት ቀን እንደሚሆን እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁት። ያም ካልሠራ በስምምነት ቅጹ ግርጌ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስልክ ተጽፏል። ብዙ ሰው ያ ስልክ ለተሳታፊዎች ብቻ ይመስለዋል፤ መረጃ ሰብሳቢም ሊደውልበት ይችላል፤ በኮሚቴ በነበርኩበት ጊዜም የተደወለልን እጅግ ጥቂት ጊዜ መሆኑ ያሳዝነኝ ነበር።

ይህን ሁሉ አድርገው ሌላ ሰው ሊተካብዎ ይችላል። አይሆንም ብዬ አልሸነግልዎትም። ስለዚህ ከማነጋገርዎ በፊት ቤትዎ ቁጭ ብለው፣ ከሚያማክሩት የቤተሰብ ሰው ጋር፣ ይህ አበል ቢቀር የትኛው ወጪ እንደሚነካ አስልተው ይግቡ። የሚያስፈራው ነገር በቁጥር ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መጠኑ ይቀንሳል። ካልቀነሰም በፍርሃት ሳይሆን በማወቅ ይወስናሉ። ከጥናቱ በዝምታ መውጣት የሚለው ሐሳብ መጥቶብዎ እንደሆነም እገምታለሁ፤ እጅዎን ንጹሕ ያደርግልዎታል፤ ነገር ግን እነዚያን እናቶች የሚያነጋግራቸው ሰው ከእርስዎ ያነሰ የሚጨነቅ ይሆናል። መጀመሪያ ቢሞክሩ እመርጣለሁ። ያልተሰጠውን ቀን ተሰጠ ብሎ መፈረሙን ግን፣ ማንም ቢጠይቅዎት፣ አይፈርሙት። ኮሚቴው ጥናቱን የፈቀደው ያ ቀን እንደሚኖር ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳም በወረቀቱ ላይ የሚገኘው የአስተባባሪው ቃል ሳይሆን የእርስዎ ፊርማ ነው።

ያልሠለጠንኩ ሰው ላሠልጥን ወይ ላሉት፣ መልሴ መጀመሪያ ይሠልጥኑ የሚል ነው። ኮርሱን እንደገና፣ ብቻዎን፣ መልስ ሳይቀበሉ ይውሰዱት። በነፃ የሚሰጡ አሉ፤ በሁለትና በሦስት ምሽት ያልቃሉ። ከዚያም አዲሱን ሰርተፍኬት ለዋና ተመራማሪው ልከው የቀድሞው እንዳይቆጠር ይንገሩት። ማፈርዎ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ በብዙ ተቋማት ሰርተፍኬት በየጥቂት ዓመቱ ማደስ የተለመደ ስለሆነ ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም። ስለ ኮርሱ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። ከእነዚህ የኢንተርኔት ትምህርቶች ብዙዎቹ የተጻፉት በአሜሪካ ሕግ ዙሪያ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ያስቀመጣቸውን ሦስት መርሖች፣ ማለትም ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን፣ በሚገባ ያስተምራሉ፤ ጠቃሚ ናቸው። ይሉኝታን የሚጠይቅ ጥያቄ ግን የላቸውም። እሱን የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት፤ ደግሞም በአዳራሹ ውስጥ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው አይኖርም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሥልጠናውን የምጀምረው በስላይድ አልነበረም። የአማርኛውን የስምምነት ቅጽ ለአሥራ ሁለቱም አድዬ አንድ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደርግ ነበር፤ ሌሎቹ አያታቸው አጠገባቸው እንደተቀመጡ አስበው ያዳምጡ። በእኛ ኮሚቴ ውስጥ ማኅበረሰቡን የሚወክሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ቅጹ ላይ «ተሳታፊዎች በዘፈቀደ ይመረጣሉ» የሚል አነበቡና ብዕራቸውን አስቀምጠው «ሰውን በዘፈቀደ ነው እንዴ የምትመርጡት?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ተያየን። ለስታትስቲክስ ሰው ቃሉ ትክክል ነው፤ ለሰሚው ግን እንዳሻን፣ ያለ ደንታ፣ ማለት ነው። «በዕጣ» ተብሎ ተስተካከለ። «ናሙና»ም እንዲሁ ነው። ለአንዲት እናት «ከክንድሽ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚያህል ደም» ማለት ስንችል ናሙና የምንላት ለምንድን ነው? መጠኑን ከፕሮቶኮሉ አይተው በቤት ዕቃ ይለኩላት። በዚህ ልምምድ ብቻ አንድ ጠዋት ያልቃል፤ የማይገባ ቃል ያገኘ ሰውም ለዋና ተመራማሪው እንዲደርስ ይመዝገብለት፤ ቅጹን በራሳችሁ መቀየር አትችሉምና ማሻሻያው በኮሚቴው በኩል ማለፍ አለበት።

ቀጥሎ ለሰዎቹ የምነግራቸው ምርምርና ሕክምና እንዴት እንደሚምታቱ ነው። ክፍሉ ያው ነው፤ ጋዋኑ ያው፤ መርፌው ያው፤ ታዲያ እናቲቱ በምን ትለየው? አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥሩ ምሳሌ ይሆንልዎታል። በ2011 እና በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት ዳሰሳዎች ከሰዎች ጣት ጥቂት የደም ጠብታ ይወሰድ ነበር። የደም ማነስ ውጤቱ እዚያው ይነገራቸዋል። ለኤች አይ ቪ የተወሰደው ጠብታ ግን ስም ሳይኖረው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ አይመለስም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ምክርና ምርመራ አገልግሎት ይላካል። ከአንድ ጣት፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ ይነገራል፣ ሌላው አይነገርም። ይህን ልዩነት ሳያስረዱ አንዱን እሺታ ለሁለቱም መቀበል አይቻልም። የእርስዎዋ እናት «ደሜ ምን አለ?» ያለችው ማንም ይህን ስላልለየላት ነው።

ማኅበረሰቡን አስቀድሞ መስማት ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ ከአገራችን የወጣ ሥራ አለልዎ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ ጋር የተያያዘውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ በወላይታ ያጠኑ የነበሩት ፋሲል ተኮላ፣ ጌል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ስለ በሽታው ዘረመል ከማጥናታቸው በፊት ሕዝቡ ራሱ ስምምነቱ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል አጠኑ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ከሰሟቸው ነገሮች አንዱ ጥናቱ «በሽታው በዘር ነው» የሚለውን ወሬ አጠናክሮ ቤተሰቦችን ይበልጥ ያስገልላል የሚል ፍርሃት ነበር። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይህን የሚገምት ሰው ያለ አይመስለኝም። እርስዎም በሁለተኛው ቀን ሁለት ወይም ሦስት እናቶችን ጋብዘው ቅጹን ሰምተው ምን እንደተረዱ ቢያወጉ ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ ከማንኛውም ስላይድ በላይ ይጠቅማል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳቸው። ማንበብ የማትችል እናት አሻራ ስታደርግ ከጥናቱ ቡድን ያልሆነ ምስክር አብሮ ይገኝ። አማቷ ወይም ባሏ አጠገቧ ሳሉ ፈቃድ አይጠየቅ። ስም ያለበትን ቅጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ፣ ብዙ ቦታ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ክልክል መሆኑ በግልጽ ይነገር፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሕግም ጉዳይ ነው። ካነበቡ በኋላም «ገባሽ?» ብለው አይጠይቁ፤ ለዚያ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እስቲ ቤትሽ ስትገቢ ለእህትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» ብለው ይጠይቋት። «መድኃኒት ሊሰጡኝ ነው» ካለች እንደገና ይጀምሩ።

አንድ ነገር ግን ለእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ ያዋለዷቸውን ሴቶች እርስዎ አያስፈቅዷቸው። ከሌላ ጤና ጣቢያ የመጣች፣ ፊቷን የማያውቁት መረጃ ሰብሳቢ ታነጋግራቸው፤ እርስዎም ከክፍሉ ይውጡ። ይህን በሥልጠናው ላይ ደንብ አድርገው ቢያስቀምጡት ሌሎቹም ለሚያውቋቸው ሰዎች እንዲያደርጉት መንገድ ይከፈታል።

ስለ እናቲቱ መጨረሻ ላይ የማነሳው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ለዋና ተመራማሪው ሲደውሉ ይህንንም ይንገሩት፤ ስምምነቱ በአግባቡ ሳይገለጽ ደም መወሰዱ ለኮሚቴው ሊሪፖርት የሚገባው ነገር ነው። ደሙ በምስጢር ቁጥሩ አማካይነት አሁንም የሚለይ ከሆነና ከፈለገች ከጥናቱ እንድትወጣ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት፤ ውጤቷን ማወቅ ይቻል እንደሆነም እንዲሁ። መልሱን ይዘው ለሚቀጥለው ክትባት ስትመጣ ወረፋው ሲያልቅ ለብቻዋ ያስቀምጧት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ያን ጊዜ በደንብ አልነገርኩሽም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደምሽ ለጥናት ነበር የተወሰደው። ከጥናቱ ልውጣ ብትይ ልታገኚ የምትችይውን ይህንን ይህንን ጠይቄልሻለሁ። እምቢ ብትይኝም አንቺንም ልጅሽንም እንደ ወትሮው ነው የማይ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «ግድ የለም ሲስተር» ማለቷ አይቀርም። ያም ይሉኝታ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አይመኑት፤ ሄዳ አስባ በሌላ ቀን እንድትነግርዎ ጊዜ ይስጧት።

ለሥልጠናው የሚሆን አንድ ልምምድም ይህን ስጽፍ መጣልኝ። በሁለተኛው ቀን ወንበር ወደ መሐል ስበው እርስዎ እናቲቱን ይሁኑ፤ ነጠላዎን ይከናነቡ፤ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ አንዷ ታነጋግርዎት። መጀመሪያ እሺ ይበሏት። በሁለተኛው ዙር አፍረው፣ አንገት ደፍተው፣ «እኔስ ይቅርብኝ» ይበሏት። ልታግባባዎት ትሞክራለች፤ ሁላችንም እንሞክራለን። «ግድ የለም እናቴ፤ ክትትልሽ አይነካም፤ ተራሽን ላስይዝልሽ» ብላ ወረቀቷን አጥፋ ፊቷ ሳይጠቁር እስክትነሳ ድረስ ደጋግሙት፤ አሥራ ሁለቱም ይሞክሩት። ከዚያም የሆነውን ሁሉ፣ እናቲቱ ያለችዎትንም ጭምር፣ ይጻፉልኝ።